«መዝገቡን ጫን»፤ በአንድ የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ ጽሑፍ የሙያ ቃላት ላይ የቀረበ ሒስ

ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ ማሠልጠኛ ይሆን ዘንድ ከእንግሊዝኛ ያስተረጐመውን ጽሑፍ፣ ቋንቋውን እንድመረምርለት ልኮልኝ ነበር። ጽሑፉ የሚያስተምረው፣ የድረ ገጽ አገልጋይ ኮምፒዩተር የሚጽፈውን የሥራ መዝገብ እያነበበ ወደ ውሂብ ጎታ የሚያስገባ ስክሪፕት እንዴት እንደሚዘጋጅ ነው። ተርጓሚው ትጉህ ሰው እንደ ሆነ ከየገጹ ይታያል። ለእያንዳንዱ የሙያ ቃል አቻ ፈልጓል፤ ያገኛቸው ቃላትም አንድ በአንድ ሲታዩ አብዛኞቹ የሚነቀፉ አይደሉም። ይሁን እንጂ እነዚሁ ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን በቆሙ ጊዜ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። ግጭቱ ያስከተለው ጉዳት የአንባቢን ጆሮ ከመቈርቈር ያለፈ ስለ ሆነ፣ ጉዳዩን በዚህ መጽሔት ላይ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

አስቀድሞ ስለ ሥራው ጠባይ ጥቂት ማለት ያሻል። አንድ አንባቢ ከአንድ ድረ ገጽ ላይ አንድ ገጽ እንዲቀርብለት በጠየቀ ቁጥር አገልጋዩ አንድ መስመር ይጽፋል። ከ1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው አፓቼ በተባለው አገልጋይ እንደ ተለመደው ቅርጽ ከሆነ፣ መስመሩ ሰባት ክፍሎች አሉት፤ እነዚህም የጠያቂው ኮምፒዩተር አድራሻ፣ ስለ ጠያቂው ማንነት የሚነገሩና አብዛኛውን ጊዜ ባዶ የሚሆኑ ሁለት ክፍሎች፣ ቀንና ሰዓት፣ የጥያቄው ቃል፣ የመልሱ ቁጥር እና የተላከው ነገር መጠን ናቸው። በሰፋው ቅርጽ ሁለት ይጨመራሉ፤ ይኸውም አንባቢው ከየትኛው ገጽ ተነሥቶ እንደ መጣና በምን መቃኛ እንደሚጠቀም። መስመሩን በዐይን ማንበብ ይቻላል፤ መስመሮቹ በብዙ ሺሕ ሲቈጠሩ ግን ማንም አንብቦ አይዘልቃቸውም። ስለዚህ ስክሪፕቱ መስመሩን እየቈረጠ እያንዳንዱን ክፍል በሠንጠረዥ ውስጥ በየዓምዱ ያኖረዋል። ከዚያ ወዲያ የትኛው ገጽ በየትኛው ሰዓት እንደ ተፈለገ፣ የትኛውም ተፈልጎ እንደ ታጣ ጐታውን መጠየቅ ይቻላል።

ይህ ሥራ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሩቅ መስሎ እንዳይታየው። መዝገበ ቃላቱ በድረ ገጽ ላይ የዋለ እንደ ሆነ፣ አንባብያን የፈለጉት ቃል ሁሉ በዚህ መዝገብ ውስጥ ይገኛል፤ መልሱ 404 ተብሎ የተጻፈበት ቃል፣ ማለትም «አልተገኘም» የተባለው፣ እኛ ሳናስገባው የቀረ ቃል ሊሆን ይችላል። የአማርኛ ፊደል በመዝገቡ ውስጥ በገዛ መልኩ አይታይም። ዩኒኮድ በ1999 ከተቀበላቸው የኢትዮጵያ ፊደላት አንዱ በተለመደው አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ እያንዳንዱ ባይት ደግሞ በመዝገቡ ላይ በመቶኛ ምልክትና በሁለት ተጨማሪ ምልክቶች ይጻፋል። ሦስት ፊደል ብቻ ያለው «ሰላም» በመስመሩ ላይ ሃያ ሰባት ምልክት ሆኖ ይሰለፋል ማለት ነው። ይህ ከተፈታ በኋላም «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» ሦስት የተለያዩ ቃላት ሆነው ይቈጠራሉ። ስለ ሞክሼ ፊደላት የምናደርገውን የቈየ ክርክር ማሽኑ በራሱ መንገድ ያስታውሰናል።

አሁን ወደ ጉዳቱ ልመለስ። በጽሑፉ ውስጥ እንዲህ የሚል መመሪያ አለ፤ «መዝገቡ እየተጫነ ሳለ ሥራው ከተቋረጠ፣ የመጨረሻውን መዝገብ ሰርዘህ መዝገቡን እንደገና ጫን።» በዚህ ዓረፍተ ነገር «መዝገብ» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ተጠቅሷል። የመጀመሪያውና ሦስተኛው አገልጋዩ የጻፈውን የሥራ መዝገብ ያመለክታሉ። ሁለተኛው ግን፣ በእንግሊዝኛው ሌላ ቃል ሲሆን፣ በሠንጠረዡ ውስጥ በመጨረሻ የገባውን አንድ ረድፍ የሚያመለክት ነው። የእንግሊዝኛው አሳብ፣ በከፊል ገብቶ ሊሆን የሚችለውን አንድ ረድፍ አጥፍተህ ካቋረጥህበት ቀጥል ማለት ነው። በመሥሪያ ቤቱ መዝገቡ በየሳምንቱ እየተዘጋ በአዲስ ፋይል ስለሚቀጥል፣ መመሪያውን ያነበበው ሠልጣኝ «የመጨረሻው መዝገብ» ማለት የመጨረሻው ሳምንት ፋይል መስሎት ያንኑ ሰረዘው። አገልጋይ አንድ ጊዜ የጻፈውን ደግሞ አይጽፍም። የሳምንቱ ውሂብ በዚያው ጠፍቶ ቀረ፤ ሠልጣኙም በቸልተኝነት ተወቀሰ። እኔ ግን ዓረፍተ ነገሩን ደጋግሜ አንብቤ፣ ሠልጣኙ ከተረዳው የተለየ ትርጉም ለማግኘት የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ መግለጥ ግድ ሆኖብኛል። ሠልጣኙ ያደረገው አማርኛው ያዘዘውን ነው።

«መዝገብ» በምን ምክንያት ይህን ያህል ሸክም ተሸከመ? በግዕዝ «ዘገበ» ማለት አከማቸ፣ አደለበ ማለት ነው፤ «መዝገብ»ም ሀብት የሚከማችበት ቤት ነበር። «መዝገበ ቃላት» ስንል ይህን የጥንት ትርጉም፣ የቃላትን ግምጃ ቤት፣ ሳናስተውል እንጠራለን። በኋላ ቃሉ ከቤቱ ወደ ጽሑፉ ዞረ፤ በግምጃ ቤት ያለው ነገር የሚጻፍበት ደብተር መዝገብ ተባለ፤ ከዚያም «መዘገበ» የሚል አዲስ ግሥ ከስሙ ወጣ። እንግዲህ ዛሬ «ጎታ» ወይም «ቋት» ለምንለው ነገር የጥንቱ «መዝገብ» ትክክለኛ ስያሜ ይሆን ነበር ማለት ነው፤ ዳሩ ግን ቤቱን ለደብተሩ ከሰጠን ብዙ ዘመን ስላለፈ መልሰን ልንወስደው አንችልም። ጥፋቱ ደብተሩን «መዝገብ» ማለቱ አይደለም። ፋይሉንም፣ ረድፉንም፣ የሥራ መዝገቡንም፣ ዝርዝሩንም በአንድነት «መዝገብ» ማለቱ ነው።

ለአገልጋዩ መዝገብ በኮምፒዩተር ገጾች ላይ የተለመደው ስያሜ «ምዝግብ ማስታወሻ» ነው። «ምዝግብ» በቅርጹ እንከን የለውም፤ «ሰበሰበ» ብሎ «ስብስብ»፣ «ዘረዘረ» ብሎ «ዝርዝር» እንደሚባል ሁሉ «መዘገበ» ብሎ «ምዝግብ» ማለት ደንቡን የጠበቀ ነው። «ማስታወሻ» የሚለውን ግን አልቀበለውም። ማስታወሻ አንድ ሰው እንዳይረሳ ብሎ፣ መርጦና አሳጥሮ የሚጽፈው ነገር ነው። አገልጋዩ አይመርጥም፤ የተጠየቀውን ሁሉ፣ የረባውንም ያልረባውንም፣ በተራ ይጽፋል። ከዚህም ሌላ ስያሜው ርባታ ሲጨመርበት የሚሆነውን ማየት ነው፤ «ከምዝግብ ማስታወሻዎቻችን» የሚል ቃል በአንድ አንቀጽ ሦስት ጊዜ ቢመጣ አንባቢውን ያደክማል። እንግሊዝኛው ራሱ ቃሉን ያገኘው የመርከብ ፍጥነት ለመለካት በገመድ ታስሮ ወደ ባሕር ይጣል ከነበረው የእንጨት ቍራጭ ነው። ልኬቱ የሚጻፍበት ደብተር በእንጨቱ ስም ተጠራ፤ ከደብተሩም ወደ ማሽኑ ተላለፈ። ይህን ታሪክ ይዞ ለመተርጐም የሚነሣ አይኖርም። የምንተረጕመው ነገሩን እስከ ሆነ ድረስ፣ ነገሩ አገልጋዩ እንዴት እንደ ዋለ የሚናገር ጽሑፍ ነውና «የውሎ መዝገብ» እንዲባል አሳብ አቅርቤአለሁ። አገልጋይ ሌሊትም ስለማይተኛ «ውሎ» ብቻ ሳይሆን «ውሎና አዳር» ሊባል ይገባ ነበር የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ለመስክ ሥራ የምንቀበለው «የውሎ አበል» የአዳሩንም ጭምር የሚያጠቃልል ስለ ሆነ ይህ ተቃውሞ ብዙ አያስጨንቀኝም።

በጽሑፉ ውስጥ ሁለተኛው ሸክም የበዛበት ቃል «ጫነ» ነው። ተርጓሚው አንድን ፕሮግራም ለሥራ ማዘጋጀትን፣ ውሂብን ወደ ጎታ ማስገባትንና ቁልፍን በጣት መንካትን ሦስቱንም «መጫን» ይላቸዋል፤ ይህን ያደረገ እርሱ ብቻ አይደለም፣ የኮምፒዩተር አማርኛ ሁሉ ልማድ ሆኗል። «ስክሪፕቱን ጫን» የሚል ትእዛዝ ያነበበ ሰው ከሦስቱ የትኛውን ያድርግ? ችግሩን የሚያባብሰው የግሡ አገባብ ነው። አማርኛ «ጤፉን ጫነ» ይላል፤ «አህያውን ጫነ»ም ይላል፤ የሚጫነውም የሚጫንበትም በተሳቢነት ይመጣሉ። በገጠር ይህ አያሳስትም፤ ጤፍ አህያ ሊሸከም እንደማይችል ሁሉም ያውቃልና። «አገልጋዩን ጫን» ሲባል ግን አገልጋዩ ጤፉ ይሁን አህያው የሚያስታውቅ ነገር የለም።

ከሁሉ በፊት ቁልፍን «መጫን» በሕዝቡ አፍ ሥር የሰደደ ስለ ሆነ እንተወው። ፕሮግራም በኮምፒዩተር ላይ ማኖርን «መትከል» ብንለው ባዕድ አይሆንም፤ ፋብሪካዎች የማሽን ተከላ ማለትን ከለመዱ ቈይተዋል። ለሦስተኛው፣ ለውሂቡ፣ የራሳችን ምሳሌ መንገዱን ያሳየናል። «ጎታ» ብለን ከሰየምን ጎታ አይጫንም፤ አጋሰስ ይጫናል፤ እህል ወደ ጎታ ይከተታል። «ምርቱን ከተተ» የሚል ገበሬ አንድ ፍሬ አስገባ ማለቱ አይደለም፤ ከአውድማ የተነሣውን በሙሉ ማለቱ ነው። ይህ ልዩነት ለሥራውም ይጠቅማል። ስክሪፕት ረድፎችን ወደ ሠንጠረዥ የሚያደርስባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው መስመር በመስመር እያነበቡ ረድፍ በረድፍ ማስገባት ሲሆን፣ ሁለተኛው የተዘጋጀውን ፋይል በአንድ ትእዛዝ በጅምላ ማስገባት ነው፤ መስመሩ ብዙ በሆነ ጊዜ ሁለተኛው እጅግ ይፈጥናል። የመጀመሪያውን «ማስገባት»፣ ሁለተኛውን «መክተት» ብንላቸው አንባቢ ከቃሉ ብቻ የትኛው እንደ ሆነ ያውቃል። የጅምላውን ትእዛዝ ማይኤስኪውኤል የተባለው ሥርዐት «ሎድ» ሲለው፣ ፖስትግሬስኪውኤል ደግሞ «ኮፒ» ይለዋል። ባለቤቶቹ ራሳቸው ያልተስማሙበትን ምሳሌ እኛ በ«ጫን» ለመተርጐም የምንጨነቅበት ምክንያት አይታየኝም። «መክተት» የዘመቻ አዋጅን ያስታውሳል የሚሉ ይኖራሉ፤ አዋጁም ቢሆን ቃሉን ያገኘው ሁሉንም ወደ አንድ ቦታ ከማስገባቱ ነው።

ስለ ጎታው ራሱ ሁለት ስያሜዎች ሲፎካከሩ ቈይተዋል፤ «የመረጃ ቋት» እና «የውሂብ ጎታ»። ከቋትና ከጎታ መምረጥ ይህን ያህል አያጣላም። ቋት ከወፍጮ አጠገብ የማይለይ የእህልና የዱቄት ማኖሪያ ነው፤ ጎታ ደግሞ በቤት ውስጥ ከጭቃና ከጭድ ተሠርቶ ምርት ለወራት የሚቀመጥበት ነው። የሚቈየው ጎታ ስለ ሆነ እርሱን እመርጣለሁ። እርግጥ ነው፣ ከጎታ ውስጥ የትናንት በስቲያዋን አንዲት ፍሬ ለይቶ ማውጣት አይቻልም፤ የኮምፒዩተሩ ጎታ የተፈጠረው ግን ለዚሁ ነው። ምሳሌ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ማንከሱ አይቀርም።

ክርክር የሚገባው «መረጃ» እና «ውሂብ» በሚሉት ላይ ነው። የያዝነው ሥራ ልዩነታቸውን ከማናቸውም ምሳሌ አብልጦ ያሳያል። በውሎ መዝገቡ ላይ የተጻፈው መስመር ለማንም ምንም አይነግርም፤ ቍጥርና ምልክት ነው። ወደ ሠንጠረዥ ገብቶ፣ ተቈጥሮ፣ «በዚህ ሳምንት ይህ ገጽ በብዛት ተፈልጎ አልተገኘም» ለማለት ሲያበቃ ግን የምንረዳው ነገር ይሆናል። የመጀመሪያውን ውሂብ፣ ሁለተኛውን መረጃ ማለት ያስፈልጋል፤ ሁለቱንም «መረጃ» ካልናቸው ስክሪፕቱ ምን እንደ ሠራ ለመናገር ቃል እናጣለን።

«ውሂብ» በሰዋስው በኩል ጕድለት አለበት። ቃሉን የፈጠሩት ሰዎች የላቲኑን አሳብ ተከትለው፣ «የተሰጠ» ለማለት ከግዕዙ «ወሀበ» አውጥተውታል። ነገር ግን «ውሂብ» በግዕዝ ንኡስ አንቀጽ ነው፤ መስጠት ማለት ነው። የተሰጠውን ነገር ለማመልከት የሚገባው «ውሁብ» ነበር። እኔም በወጣትነቴ ቢሆን ኖሮ ይህ እንዲታረም አጥብቄ በተከራከርሁ ነበር። ዛሬ ግን ቃሉ በየስልኩ መስኮት ላይ ተጽፎ በልጆች አፍ ገብቷል፤ ማንም ሰው በ«ውሂብ» ተሳስቶ መስጠትን የተረዳ አላጋጠመኝም። ይህንኑ የሚመስል ነገር በመዝገቡ መስመር ውስጥም አለ። አንባቢው ከየት ገጽ እንደ መጣ የሚናገረው ክፍል የእንግሊዝኛ ስሙ በ1996 በወጣው የግንኙነት ደንብ ላይ አንድ ፊደል ተጐድሎ ተጻፈ፤ ስሕተቱ ከታወቀም በኋላ፣ አገልጋዮች ሁሉ በዚያው አጻጻፍ ይግባቡ ስለ ነበር፣ ሳይታረም ቀረ። የሚያደናግር ስሕተት ይታረም፤ የማያደናግር ስሕተት ግን ከአንድ ትውልድ በኋላ ስሕተትነቱ በታሪክ ብቻ ይታወቃል።

በትንንሾቹ ቃላት ላይ ብዙ አልቈይም። «ሠንጠረዥ» የተሳካ ነው፤ ከዐረቦች በኩል የመጣ የጨዋታ ስም ሆኖ ሳለ፣ በሰሌዳው ላይ ባሉት አራት ማዕዘኖች ምክንያት ለዛሬው ትርጉሙ በቅቷል። «ረድፍ» እና «ዓምድ» እንዲሁ። የመስመሩን ክፍሎች «መስክ» ማለት የእንግሊዝኛውን ምሳሌ ቃል በቃል መቅዳት ነው፤ ከብት የሚሰማራበትን ሣር ለምን እዚህ እንዳመጣነው አልገባኝም፤ በመስመሩ ሳለ «ክፍል»፣ በሠንጠረዡ ከገባ በኋላ «ዓምድ» ቢባል ይበቃል። ለድረ ገጹ የቀረበውም ለጎታው የቀረበውም «ጥያቄ» መባሉ ያደናግራል፤ ለጎታው የሚቀርበው «መጠይቅ» ቢባል ይለያል፤ የማኅበራዊ ጥናት ሰዎች ቃሉን ቢጠቀሙበትም በአንድ ገጽ ላይ እምብዛም አንገናኝም። መስመሩን በየመጋጠሚያው መቈራረጥን ተርጓሚው «መተንተን» ብሎታል፤ ትንተና ግን ገና ወደ ፊት፣ ከጎታው በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በሬ በየመገጣጠሚያው እንደሚበለት ሁሉ ይህም «መበለት» ይባል ብሎ ነበር። አሳቡ ከሥራው ጋር እጅግ የተስማማ ነበር፤ በጽሑፍ ላይ ግን ባሏ የሞተባት ሴት ከመሆን ስለማይድን ሁለታችንም ስቀን ተውነው። «መክፈል» ይበቃል።

ተርጓሚውን አጥብቄ የምወቅሰው በምልክቶችና በቀን አቈጣጠር ነው። በመስመሩ ውስጥ ባዶ የሆነ ክፍል በአጭር ሰረዝ ይጻፋል፤ ትርጕሙ «የለም» ማለት ነው። «በዚህ ክፍል ሰረዝ ካለ» ማለት ሲገባው በአንድ ቦታ «በዚህ ክፍል ከተሰረዘ» ብሎ ጽፎአል፤ «ነጠላ ሰረዝ» የምንለው ሌላ ምልክት መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል። በምሳሌው ፋይል ውስጥ ክፍሎቹን የሚለየውን የላቲን ነጠላ ሰረዝ በእኛው «፣» ለውጦታል፤ ለሰው ዐይን አንድ ናቸው፣ ለማሽን ግን ሁለት የተለያዩ ቍጥሮች ስለ ሆኑ ስክሪፕቱ መለያውን አጥቶ መስመሩን በሙሉ እንደ አንድ ክፍል ይወስደዋል። በ10 ኦክቶበር 2000፣ በ13:55:36 የተጻፈውን መስመርም «መስከረም 30 ቀን 1993፣ 7:55:36» አድርጎታል። ስሌቱ በራሱ ልክ ነው። ነገር ግን በመስመሩ መጨረሻ የተጻፈው የሰዓት ልዩነት ሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚል፣ ጥያቄው በቀረበበት ቅጽበት በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 5:55 ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሂብ አይተረጐምም። የሚተረጐመው ስለ ውሂቡ የተነገረው ነው፤ ውሂቡ ራሱ እንደ ተጻፈ ይቀራል፤ ለአንባቢ የሚያስፈልገው ማብራሪያ ከጎኑ ይቀመጣል። በነገራችን ላይ ጽሑፉ አንባቢውን በመግቢያው «እርስዎ»፣ በትእዛዙ «አንተ» እያለ ይናገረዋል፤ ሴት ሠልጣኞችን የሚያነጋግር አንድም ገጽ የለውም።

«ስክሪፕት» ለሚለው ተርጓሚው «ጽሕፈት» የሚል አቻ ሰጥቶ «ጽሕፈቱን አሂድ» ብሏል። ለእኛ ለቋንቋ ሰዎች ይህ ስለ ፊደላችን የተነገረ ይመስለናል። በዚህ ላይ ከብዙዎች ባልደረቦቼ እለያለሁ፤ የቴያትርና የሬዲዮ ሰዎች ቃሉን ከእኛ ሳይጠይቁ ወስደው ሲሠሩበት ኖረዋልና «ስክሪፕት» በፊደላችን ተጽፎ ይቅር። የውሰት ቃል አንድ ጸጋ አለው፤ ከሌላ አገርኛ ቃል ጋር አይጋጭም።

ያንን ጉዳት ያመጣውን ዓረፍተ ነገር እንዲህ አርሜ መለስሁት፤ «ውሂቡ እየገባ ሳለ ሥራው ከተቋረጠ፣ ከሠንጠረዡ የመጨረሻውን ረድፍ ይሰርዙ፤ ከዚያም ረድፉ ከተወሰደበት የውሎ መዝገብ መስመር ጀምረው እንደገና ያስገቡ። የውሎ መዝገቡን ፋይል አይንኩ።» መሥሪያ ቤቱ እርማቱን ተቀብሎ ጽሑፉን እንደገና አሳትሟል። «የውሎ መዝገብ» የሚለው ብቻ፣ የውሎ አበል መጠየቂያ ቅጽ ይመስላል ተብሎ፣ በ«ሎግ» ተተክቷል። እኔም አልተከራከርሁም፤ ከ«መዝገብ» ይሻላል።